ግጥም ለማያውቀን አንባቢ
(በካልጋሪ፣ ካናዳ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር፣ ለኅትመት ተስተካክሎ)

በዚህ ብርድ፣ ሥራ ውላችሁ፣ ስለ ግጥም ለመስማት እዚህ ስለተቀመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከፎረስት ላውን የመጣችሁ አላችሁ፣ ከሰሜን ምሥራቁ ሰፈር በባቡር የወረዳችሁም አላችሁ። የሌሊት ተረኛ ሆነው ሳሉ እንቅልፋቸውን ሠውተው የመጡ እንዳሉም አውቃለሁ። ንግግሬ ለድካማችሁ የሚመጥን እንዲሆን የምችለውን ያህል ተዘጋጅቻለሁ።

ዓላማዬን አስቀድሜ ልናገር። የተጋበዝኩት «ግጥም ጽፈን እዚህ አገር ለሚታተም የሥነ ጽሑፍ መጽሔት የምንልከው እንዴት ነው?» የሚለውን ጥያቄ እንድመልስ ነው። ጥያቄው የአሠራር ጥያቄ ይመስላል፤ አሠራሩንም እነግራችኋለሁ። ይሁን እንጂ አሠራሩ በሩብ ሰዓት ተነግሮ የሚያልቅ ነው። የሚከብደው ግጥማችንን ለማያውቀን ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። እኛ ግጥም የምናነበው በሚያውቁን ሰዎች መካከል ነው። በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በማኅበር፣ በዘመን መለወጫ በዓል ላይ ተነሥተን እናነባለን። አድማጩ ድምፃችንን ያውቃል፣ የመጣንበትን ያውቃል፣ ያጣነውንም ያውቃል። ስለዚህ ግጥሙ የጎደለውን ከራሱ ልብ እየሞላ ያዳምጠናል፤ ሲያጨበጭብልንም ከፍቅሩ ነው። መጽሔት ግን የሚደርሰው ወረቀቱ ብቻ ነው። እኛ ከጎኑ ቆመን «ይህን ስል እንዲህ ማለቴ ነው» ልንል አንችልም። የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ወደ ቅኔ ቤት፣ ቀጥሎ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደዚችው ወደ ካልጋሪ እወስዳችኋለሁ። በመጨረሻ አማርኛችንን ይዘን በሌላ ቋንቋ ደጃፍ ስንቆም ስለሚገጥመን ነገር እናገራለሁ።

ግጥምን ለአዘጋጅ ሰጥቶ መልስ መጠበቅ ከፈረንጅ የተቀዳ ልማድ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ እንደዚያ አላምንም። በቅኔ ቤት ያለፋችሁ አባቶች ካላችሁ ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ፤ ብሳሳት አርሙኝ። ተማሪው ምስጢሩንና አገባቡን ከመምህሩ ሲሰማ ይቆይና ወደ ዛፍ ሥር ወይም ሰው ወደማይደርስበት ጥግ ብቻውን ይሄዳል። እዚያ ቁጭ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። ጀማሪ ከሆነ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ገፋ ሲል ባለ ሦስት ቤቱን ዘአምላኪየ፤ እያደገ ሄዶ መወድስ ይደርሳል። ብቻውን የቆጠረውን ግን ለብቻው አያስቀምጠውም። ሰዓቱ ሲደርስ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ነገራ የሚባለው ይህ ነው። መምህሩ ያዳምጣል፤ ቤቱ ካልመታ፣ ምስጢሩ ካልጠራ ያርማል፤ የማይታረም ከሆነም መልሶ ይሰደዋል።

ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ነገር አለ። ያ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ልጅ ነው። መምህሩ ይህን ያውቃል፤ ያዝንለታልም። ሆኖም ርሀቡ ለቅኔው ምስክር አይሆንለትም። ልጁ ስለተራበ ያልመታው ቤት መታ አይባልም። በዋሸራም ይሁን በጎንጅ ወይም በዋድላ፣ የቅኔው መንገድ ይለያይ እንጂ ይህ ፍርድ አንድ ነው። ቅኔው በቤተ ክርስቲያን ሲቀርብ ደግሞ ያማረ እንደሆነ ሊቃውንቱ «ይበል!» ይላሉ፤ ካላማረ ዝም ይላሉ። ዝምታውን ተማሪው ይሸከመዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም አዲስ ቆጥሮ ይመጣል። አዲስ ማለቴን ልብ በሉልኝ። ቅኔ አይደገምም። ባለፈው በዓል የተባለውን ዘንድሮ መልሶ ማምጣት ነውር ነው።

እንግዲህ ዛሬ መጽሔቶች «ከዚህ በፊት ያልታተመ ግጥም ላኩልን» ሲሉ ብዙዎቻችን ይገርመናል። ፌስቡክ ላይ ከለጠፍነው፣ በቴሌግራም ካሠራጨነው ብዙ መጽሔቶች እንደታተመ ይቆጥሩታል፤ አይቀበሉትምም። «ሰው ወዶት ነበር እኮ፤ ምን ችግር አለው?» እንላለን። የአያቶቻችንን ሕግ ብናስታውስ ግን የሚገርም አይደለም። አዲስ ቆጥራችሁ ኑ ማለታቸው ነው።

ከቅኔ ቤት ከመውጣቴ በፊት አንዲት የሩቅ አገር ሴት ላስተዋውቃችሁ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1862 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የምትኖር ኤምሊ ዲኪንሰን የምትባል የ31 ዓመት ሴት፣ ቶማስ ዌንትወርዝ ሂጊንሰን ለሚባል ጸሐፊ አራት ግጥሞች በፖስታ ላከች። ሂጊንሰን በዚያው ወር አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ላይ ለጀማሪ ጸሐፊዎች ምክር አውጥቶ ነበር። አያውቃትም፣ አታውቀውም። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ግጥሞቿ ሕይወት ይኑራቸው አይኑራቸው እንዲነግራት። ደብዳቤው ላይ ስሟን አልጻፈችም፤ ስሟን በካርድ ላይ ጽፋ ለብቻው በትንሽ ፖስታ አሽጋ አብራ ከተተችው። ያን ትንሽ ፖስታ ሳስብ ልቤ ይነካል። መጀመሪያ ግጥሙን አንብብ፣ ማን እንደሆንኩ ቆይተህ ታውቃለህ ያለችው ይመስለኛል። ከ1,800 ገደማ ግጥሞቿ በሕይወት ሳለች የታተሙት አሥር ያህል ብቻ ናቸው። ሂጊንሰን ሰውየው ደግ ነበር፣ ግጥሞቿ ግን እንግዳ ሆኑበትና እንዳታሳትም መከራት። ቢሆንም መጻጻፋቸው እስክትሞት ድረስ አልተቋረጠም፤ ከሞተች በኋላም የመጀመሪያውን መድበሏን ለኅትመት ካዘጋጁት አንዱ እርሱ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ አዲስ አበባ እንሂድ። በአገራችን ግጥም ከጽሕፈት መሣሪያና ከማተሚያ ጋር ከተዋወቀ መቶ ዓመት አልፎታል። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ሲጀመር ግጥሞችም ይወጡበት ነበር። ኋላም በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በየዓመቱ የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ግጥም እያቀረቡ፣ የተመረጠው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ይነበብ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ያሰማው እዚያ ነው። የዚያ ዘመን ተማሪዎች እስከ ዛሬ ሲያወሱት እሰማለሁ። አንድ ወጣት በሚያስፈሩት ሰዎች ፊት ቆሞ ያላወቁትን ሕይወት አሰማቸው።

ነገር ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ የሚያስከፋ ነገር አለ፤ ለዛሬው ጉዳያችን ዋና ስለሆነ ቆም ብዬ ልናገረው። በንጉሡም በደርግም ዘመን ማንኛውም ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር ያልፍ ነበር። ይህ ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው በጥቅምት 1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። ሳንሱሩ ከአንባቢ ምን እንዳስቀረ ብዙ ተብሏል። በገጣሚው ላይ ያደረሰው ግን ብዙም አይነሣም። ግጥምህ ሳይታተም ሲቀር ለምን እንደቀረ ማወቅ አትችልም። ደካማ ስለሆነ ነው? አዘጋጁ ስለፈራ ነው? መርማሪው አንድ ቃል ስላልወደደ ነው? የጥበብ ፍርድና የመንግሥት ፍርድ በአንድ ዝምታ ውስጥ ተቀላቀሉ። ከዚያ የተነሣ ብዙዎቻችን «አልተቀበልነውም» የሚል መልስ ስንሰማ ጠላትነት እንሰማለን። እዚህ አገር ከመጣን በኋላም ያ ጆሮ አብሮን ነው የተሻገረው።

እኔም አንዱ ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ አንድ ግጥም በጥሩ ወረቀት ገልብጬ፣ ከሰፈራችን በእግሬ ሄጄ ለአንድ መጽሔት ዝግጅት ክፍል ዘበኛ ሰጠሁ። ዘበኛው ፖስታውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል በየወሩ ያንን መጽሔት ስገዛ ስሜን እፈልግ ነበር። መልስ አልመጣም። ግጥሙ ክፉ ይሁን፣ ፖስታው ይጥፋ፣ አንድ ቃል ያስፈራ፣ አላወቅሁም። አሁን ሳስበው ግጥሙ ደካማ ነበር። ያኔ የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ባልፈጀብኝ።

መጽሔት ያልሰጠንን ነገር መድረክና መድበል ሰጥተውናል። አገር ቤት ያለ ገጣሚ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ከዘመድ ተበድሮ በራሱ ወጪ መድበል ያሳትማል፤ አዟሪውም እያዞረ ይሸጥለታል። በራስ ሆቴል ለዓመታት ይቀርብ የነበረው ጦቢያ ግጥም በጃዝም አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ለግጥም እንዲሰበሰብ አድርጓል፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ግን ሁለቱም መንገዶች መካከለኛውን ሰው ዘለዉታል። ግጥሙ ሳይታተም በፊት በጸጥታ አንብቦ «ይህ ስንኝ ይውጣ» የሚለውን፣ በቅኔ ቤት መምህሩ ይሠራ የነበረውን ሥራ የሚሠራልንን አጣነው።

ሦስተኛው ክፍል ስለዚህች ከተማ ነው። ካልጋሪን የነዳጅ ዘይትና የፈረስ ግልቢያ ከተማ ብቻ አድርገን የምናያት አለን። የግጥም ታሪኳ ግን ትንሽ አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጆአን ክላርክና ኤድና አልፎርድ የተባሉ ሁለት ሴት ጸሐፊዎች ዳንዲላየን የተባለ መጽሔት እዚሁ መሠረቱ፤ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ከኖረ በኋላ ተዘጋ። ፍሪፎል በ1990 ተጀመረ። ፊሊንግ ስቴሽን፣ በእኛ ቋንቋ ነዳጅ ማደያ ማለት ነው፣ በ1993 ተመሠረተ፤ አዲስ አጻጻፍ የሚሞክሩ ገጣሚዎች የሚወዱት፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ መጽሔት ነው። በኬንሲንግተን መንገድ ባለው ፔጅስ መጻሕፍት ቤት ለዓመታት የንባብ ምሽት ሲያካሂድም ቆይቷል።

ከተማዋ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሷን ባለ ማዕረግ ገጣሚ ትሾማለች። የመጀመሪያው ክሪስ ዲሚነር የተባለ ዘፋኝና ገጣሚ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ በ2014 የተሾመው ዴሪክ ቦሊዩ የፊሊንግ ስቴሽን አዘጋጅ የነበረ ነው፤ ከእርሱ ቀጥላ በ2016 የተሾመችው ሚሸሊን ሜይለር ደግሞ የፍሪፎል አዘጋጅ ነበረች። ይህን የምነግራችሁ ስም ለመደርደር አይደለም። ከተማዋ ገጣሚዬ ብላ የሾመቻቸው ሁለት ሰዎች በተከታታይ የሌሎችን ግጥም በማንበብ ዓመታት ያሳለፉ ናቸው። ግጥማችንን የምንልክላቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ ይህ ያሳያል። የመሥሪያ ቤት ሹሞች አይደሉም። ራሳቸው የሚጽፉ፣ ራሳቸውም ብዙ ጊዜ «አልተቀበልነውም» የተባሉ፣ ቀን ሌላ ሥራ ውለው ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የእኛን ግጥም የሚያነቡ ናቸው።

አሠራሩን አሁን በአጭሩ ልናገር። ከመላካችሁ በፊት መጽሔቱን አንብቡ። በመሀል ከተማ ያለው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የተከፈተው፣ ከሥሩ ባቡር የሚያልፍበት ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት የአባልነት ክፍያ የለውም፤ ገብታችሁ የመጽሔት ዕትሞችን ጠይቁ። ሁለት ዕትም ካነበባችሁ የእናንተ ግጥም እዚያ ቤት እንግዳ ይሁን ቤተሰብ ታውቃላችሁ። መጽሔቶች ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ግጥም ይጠይቃሉ፤ መቀበያ ወራት ያላቸውም አሉ፣ ከዚያ ውጭ የተላከውን አያዩም። ድሮ በፖስታ ነበር፤ የመልሱን ፖስታ አድራሻ ጽፎና ቴምብር ለጥፎ አብሮ መላክ ግዴታ ነበር። ዛሬ በኢሜይል ወይም ሰብሚተብል በተባለው ፕሮግራም ይላካል። አንዳንዶች ስማችሁን ከግጥሙ ገጽ ላይ እንድታጠፉ ይጠይቃሉ፤ የዲኪንሰንን ትንሽ ፖስታ አስታውሱ። መልስ ለማግኘት ሦስት ወርም ስድስት ወርም ሊፈጅ ይችላል። አንድን ግጥም በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔት መላክ በብዙ ቦታ ይፈቀዳል፤ አንደኛው ከተቀበለው ግን ለሌላኛው በዚያው ቀን አሳውቁ። ይህን መዘንጋት እውነተኛ በደል ነው፤ አንድ ሰው ሌሊቱን ቆጥቦ ያነበበውን ድካም ከንቱ ያደርጋል። የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን የማሳተም መብት ነው፤ ከታተመ በኋላ ግጥሙ ወደ እናንተ ይመለሳል፣ በመድበላችሁ ልታወጡት ትችላላችሁ። ክፍያው ትንሽ ነው፤ ለእርሱ ብሎ የሚጽፍ የለም።

አብሮ ስለሚላከው ደብዳቤ ግን ዘለግ አድርጌ ልናገር፤ ብዙ የምንሰናከለው እዚያ ላይ ነው። ደብዳቤው ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ ሰላምታ፣ የግጥሞቹ ርእስ፣ ምስጋና። ስለ ራስ የሚጻፈውም በሦስተኛ ሰው፣ ከሃምሳ ቃል ሳይበልጥ ነው። የወጣት ገጣሚዎቻችንን ደብዳቤ እንዳይ ተጠይቄ አውቃለሁ፤ ደብዳቤው ከግጥሙ ይረዝማል። የሱዳኑን በረሃ፣ የመጠለያ ጣቢያውን፣ የሞተውን ወንድም ይተርካል። እያነበብኩ አልቅሻለሁ። ከዚያ ወደ ግጥሙ ስሻገር ስለ ጨረቃ ውበት የተጻፈ፣ ማንም ሊጽፈው የሚችል ግጥም አገኛለሁ። በረሃው ደብዳቤው ውስጥ ቀረ። ልጄ፣ እላለሁ ያኔ፣ ደብዳቤውን ቅደደውና ግጥሙን ከእርሱ ጻፈው። አንባቢው እንዲያዝንልን ሳይሆን እንዲያይ ነው የምንፈልገው።

መልሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «እናመሰግናለን፣ አልተቀበልነውም» ነው። ለሁሉም እንደዚያ ነው፣ እዚህ ለተወለዱትም። እዚህ አገር ከገባሁ በኋላ አምስት ግጥሞቼን ተርጉሜ ላንድ መጽሔት ላክሁና ከአምስት ወር በኋላ ተመለሱልኝ። የተለመደው መልእክት ነበር፤ ከሥሩ ግን አንድ የማላውቀው አንባቢ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሮበታል፤ የሦስተኛው ግጥም የመጨረሻ ሁለት ስንኞች ግጥሙ ቀድሞ የተናገረውን እንደገና ይናገራሉ የሚል። መጀመሪያ ተናደድኩ። እነዚያ ሁለት ስንኞች በየመድረኩ ጭብጨባ የሚያመጡልኝ ነበሩ። ከሳምንት በኋላ በእጄ ሸፍኜ አነበብኩት። ትክክል ነበር። ቆረጥኳቸው፤ ግጥሙን ለሌላ መጽሔት ላክሁ፤ ወጣ። ያ ሰው ስሜን አያውቅም፣ ውለታም የለብኝም፣ ውለታም የለበትም። በልጅነቴ ለዘበኛው የሰጠሁት ፖስታ መልስ ያኔ የመጣልኝ መሰለኝ።

ወደ መጨረሻው ክፍል፣ ወደ ቋንቋ ልሻገር። በዚህ አህጉር ያረፉ ሦስት ታላላቅ ገጣሚዎቻችንን አስቡ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1973 ዓ.ም. በኦክላሆማ አረፈ፤ ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል መድበል የተሰበሰቡት ከ25 ዓመት በኋላ በ1998 ዓ.ም. ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በዚያው በ1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አረፈ። «ልጅነት»ን በ1963 ዓ.ም. ያሳተመው ሰሎሞን ደሬሳ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በሚኒሶታ። ጸጋዬ በእንግሊዝኛም ይጽፍ ነበር። ሆኖም ሦስቱም አብዛኛው የአማርኛ ግጥማቸው ወደ ጎረቤቶቻቸው ቋንቋ ሳይሻገር ነው ያረፉት። በአማርኛ ግጥም ላይ ያተኮረ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ስብስብ የወጣው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለንደን የሚኖረው ዓለሙ ተበጀና በልጅነቱ ኢትዮጵያ ያደገው ክሪስ ቤኬት ያዘጋጁት፣ ካርካኔት የተባለው አሳታሚ ያወጣው ነው። ከብርሃንና ሰላም እስከ እርሱ ስንት ዓመት እንደሆነ እናንተው ቁጠሩ።

ለምን ዘገየ? ሰነፍ ስለሆንን አይደለም። ከባድ ስለሆነ ነው። በራሴ ግጥም ላሳያችሁ፤ እዚህ እንደመጣሁ የጻፍኳት ሁለት ስንኝ ናት፦

ሸክሜ እንዲህ ሲከብድ መንገዱ ሲርቀኝ፣
ካልጋሪ መጓዜ ዛሬ ነው የገባኝ።

ፈገግታችሁን አየሁት፤ ገብቷችኋል። ሰሙ የከተማችን ስም ነው፤ ወርቁ «ካለ ጋሪ» ነው፣ ሸክም የሚያቀል ጋሪ ሳይኖረኝ መንገድ መጀመሬ። በወል ቤት፣ ስድስት በስድስት ይሄዳል፤ ቤቱንም በ«ኝ» ይመታል። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስታሻግሩት ምን ይቀራል? የአንድ ከተማ ስምና ድካም ብቻ። ሕብረ ቃሉ ይሞታል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያሳርፍ ቤት ሳንቸገር ይመታልናል፤ እንግሊዝኛ ግን እንደዚያ ስላልሆነ ቤቱን በግድ ላምጣ ስትሉ ቃላቱ ይጣመማሉ። የግርጌ ማስታወሻ ጻፍኩበት፤ ማስታወሻው ከግጥሙ በአራት እጥፍ በለጠ። ያም ያው ደብዳቤው ነው፣ ከግጥሙ ጎን ቆሜ ላግዘው መሞከሬ።

በመጨረሻ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ወርቁን ተውኩና ወርቁ የወጣበትን ጉድጓድ ፈለግሁ። ግጥሙ ከየት ነበር የመጣልኝ? ከአውሮፕላን ማረፊያ። ሰዎች ሻንጣቸውን በጋሪ እየገፉ ሲያልፉ እኔ ጋሪው የማን እንደሆነ፣ ይከፈልበት አይከፈልበት ስላላወቅሁ ሁለት ሻንጣ በሁለት እጄ ተሸክሜ ቆሜ ነበር። በእንግሊዝኛው የከተማዋን ስም አልጻፍኩም። ባለ ሁለት ስንኟ ግጥም አሥራ አንድ ስንኝ ሆነች፤ ባዶ ጋሪዎች ተደርድረው፣ አንድ ሰው አጠገባቸው ተሸክሞ ቆሟል። ሰምና ወርቅ የለበትም። ግን የቆመው ሰው ለማያውቀውም አንባቢ ይታያል። በአማርኛው ያለችውን ሁለት ስንኝ እወዳታለሁ፤ ለእናንተ አስቀምጫታለሁ። ለመጽሔቱ የሄደችው እኅቷ ናት።

ስለዚህ ሲተረጎም የሚጠፋውን ሁሉ እያሰባችሁ አትቁሙ። ብቻችሁንም አትሥሩት። ዓለሙና ክሪስ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው አማርኛውን ከውስጥ፣ ሌላኛው እንግሊዝኛውን ከውስጥ ያውቃል። እኛ ቤት ውስጥ እንደዚያ ያሉ ሁለት ሰዎች አሉ። እናትየዋ አማርኛውን ታውቃለች፣ እዚህ ያደገችው ልጅ እንግሊዝኛውን። ልጄ አማርኛ ጠፋባት ብላችሁ የምታዝኑ ወላጆች፣ አንድ ግጥም ይዛችሁ ከጎኗ ቁጭ በሉ። «ናፍቆት» የሚለውን ቃል ምን ትዪዋለሽ ብላችሁ ጠይቋት። አንድ ማታ ሙሉ ይፈጃል። የሌላ ሰው ግጥም የምትተረጉሙ ከሆነ ግን የባለቤቱን ወይም የወራሾቹን ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ መጽሔቱም ይጠይቃችኋል። የትርጉም ግጥም የሚፈልጉ መጽሔቶችም አሉ፤ በእንግሊዝ ቴድ ሂዩዝና ዳንኤል ዋይስቦርት በ1965 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት «ዘመናዊ ግጥም በትርጉም» የተሰኘው መጽሔት እስከ ዛሬ ከየቋንቋው ግጥም ይቀበላል።

ከእናንተ አንዳንዶቹ ሲጋበዙ ግጥም ይዘው እንዲመጡ ተነግሯቸዋል፤ ስማቸውን ሳይጽፉበት። በር አጠገብ ካርቶን ሣጥን አለ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተጻፈ ይቀበላል። ሻይ ሲቀርብ ሣጥኑን ከፍቼ አንድ በአንድ አነባለሁ፤ የማን እንደሆነ አልጠይቅም፣ እናንተም አትንገሩኝ። ካማረ «ይበል» በሉ። ካላማረ ዝም በሉና የትኛው ስንኝ ላይ እንደቆማችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ባለቤቱ ሲወጣ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ ያነሣዋል።